“ለበጎ ነው”፤ ለማን?

በቅርቡ ልቅሶ ደርሰን ነበር። ሟቹ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ የቀን ሠራተኛ። ሕንጻ ላይ ሲሠራ የቆመበት የባሕር ዛፍ መወጣጫ ተሰብሮ ከአምስተኛ ፎቅ ወደቀ። ቀበቶ አልታጠቀም፤ ሳይቱ ላይ የሚታጠቅ ቀበቶ አልነበረም። የሰፈሩ እድር ድንኳኑን ተክሏል፤ ንፍሮው ይዞራል፤ ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ኑሮ ውድነት ያወራሉ። እናቲቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው የድንኳኑን ጣሪያ እያዩ፣ “ምን አደረግኩህ? አንድ ልጄን ምን ብዬህ ነው የወሰድክብኝ?” ይላሉ። ለማን እንደሚናገሩ ለሁላችንም ግልጽ ነበር።

በዚህ መሃል አንድ ሰባኪ ተነሣ። (የየትኛው ቤተ እምነት እንደሆነ አንናገርም። ብንናገር ግማሹ አንባቢ “የእነሱ ነገር!” ብሎ እዚህ ጋ ያቆማል።) “እናቴ፣” አለ፣ “ይህ እግዚአብሔርን መዳፈር ነው። ቀኑ ደርሶ ነው የተጠራው። የእሱ ሥራ ሁሉ ለበጎ ነው። አሜን በሉ!” ድንኳኑ አሜን አለ። እኛም አልን፤ አፋችን ለምዶታል። እናቲቱ ዝም አሉ። ከሁሉም ጠንከር ያለው አሜን የወጣው ግን ከፊት ረድፍ፣ ጥሩ ኮት ከለበሱ አንድ ሰው ነበር። ማን እንደሆኑ ጠየቅን። የሕንጻው ኮንትራክተር ናቸው አሉን።

ይህን የሚያጽፈን ያ አሜን ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ልጁ የሞተው “ቀኑ ደርሶ” ከሆነ የቀበቶው ነገር ያበቃለታል። የበሰበሰው ባሕር ዛፍ የመለኮት ዕቅድ ፈጻሚ ሆነ ማለት ነው። ሰባኪው ይህን አስቦ የተናገረ አይመስለንም፤ ቅን ሰው ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን በሁለት ደቂቃ ውስጥ አንዲትን እናት ዝም አሰኝቶ አንድን ቀጣሪ ነጻ አወጣ። የትኛውም ጠበቃ ይህን ያህል ፈጣን አይደለም።

ነገሩ የአንድ ድንኳን ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ቡና ላይ አምተን እንተወው ነበር። ግን ይህቺ “ለበጎ ነው” የምንላት ቃል የአገር ቃል ሆናለች። ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ራስ በላይ ተለጥፋለች። ፌስቡክ ላይ በጥቁር ፎቶ ታጅባ ትመጣለች። ታላቅ አደጋ በደረሰ ቁጥር ከአምቡላንስ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት።

ቆሼን እናስታውስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ አዲስ አበባ፣ ረጲ። ዐቢይ ጾም ላይ ነበርን። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የከተማው ቆሻሻ የተከመረበት ተራራ ተንዶ ሥሩና ጎኑ ላይ የተጠጉትን ጎጆዎች ቀበረ። የሟቾቹ ቁጥር ከ110 አለፈ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕጻናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እኛም እንደ ሁሉም ሰው ሻማ አበራን፤ ፎቶ ለወጥን፤ “ነፍስ ይማር” ብለን ጻፍን።

ሰኞ ዕለት የሰማናቸው ማጽናኛዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው “የኃጢአታችን ውጤት ነው” የሚለው ነው። ሁለተኛው ያው “እሱ ያውቃል፣ ለበጎ ነው” የሚለው። ሁለቱ የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ አንዱ እግዚአብሔርን ቁጡ፣ ሌላው ቸር ያደርገዋልና። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፦ ከሁለቱ አንዱም ስለ ቆሻሻው አይጠይቅም። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ቆሻሻ ሰንዳፋ ወደ ተሠራ አዲስ ማስወገጃ ተዛውሮ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፤ ወራት ሳይቆይ መኪኖቹ ተመልሰው ቆሼ ላይ መድፋት ቀጠሉ። ይህ በሰማይ የተወሰነ ውሳኔ አይደለም። ቢሮ ውስጥ የተወሰነ፣ ማኅተም ያለው ውሳኔ ነው። ከተራራው ሥር ጎጆ የቀለሰችው ሴትም ሌላ ቦታ የሚከራያት ሰው ስላጣች እንጂ የኃጢአቷ ክብደት ወደዚያ ስቧት አልነበረም።

ደግሞ ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። “እኛ ዘመናዊ ነን፣ ወንጌሉን እናርም” የምንል እንዳይመስላችሁ፤ ወንጌሉ ራሱ ቀድሞናል። ሉቃስ ምዕራፍ 13ን ክፈቱ። ሰዎች ወደ ኢየሱስ መጥተው ጲላጦስ ስላስገደላቸው የገሊላ ሰዎች ይነግሩታል። እሱ ደግሞ የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱትን አሥራ ስምንት ሰዎች ያነሣል። አንዱ መንግሥት የገደላቸው፣ ሌላው ግንብ የወደቀባቸው! የእኛን ዜና የሚያነብ ነው የሚመስለው። ከዚያ ይጠይቃቸዋል፤ እነዚህ ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች ይመስሏችኋልን? መልሱም የራሱ ነው፤ አይደሉም። ንስሐ የተጠየቀው ከሞቱት አይደለም፤ ቆመው ከሚያወሩት ነው። ጣቱ ከፍርስራሹ ወደ ጠያቂዎቹ ዞረ። እኛ ዘንድ ግን ጣቱ ሁልጊዜ ወደ ፍርስራሹ እንደተቀሰረ ነው።

“ለበጎ ነው” የሚሉን ወገኖች ማስረጃቸው የሮሜ መልእክት ምዕራፍ 8 ነው። ጥሩ፤ እኛም እናምንበታለን። ግን ይህን የጻፈው ጳውሎስ የተገረፈ፣ የታሰረ፣ መርከብ የተሰበረበት ሰው ነው። ስለ ራሱ ቁስል ነው የሚናገረው፤ የጎረቤቱን ቁስል ለመዝጋት አልጻፈውም። ደግሞ ከዚያው ምዕራፍ ጥቂት ቁጥር ወደ ላይ ብንወጣ ፍጥረት ሁሉ እንደሚቃትት፣ መንፈስ ራሱ ቃል በሌለው መቃተት እንደሚጸልይ ተጽፏል። እነሱ ከመቃተቱ ዘለው መደምደሚያው ላይ ያርፋሉ። በልጅነታችን የሰማነው ተረትም እንኳ ከእነሱ የተሻለ ነው። ንጉሡ ጣቱ ሲቆረጥ አገልጋዩ “ለበጎ ነው” ብሎ ወህኒ ይወርዳል፤ ወህኒ ወርዶም ለራሱ ያችኑ ቃል ይደግማል። ቃሏን ለመናገር ዋጋ ከፍሏል። ዛሬ ቃሏን የሚናገረው ሌላ፣ ወህኒ የሚወርደው ሌላ ሆነ እንጂ።

አሁን ከወዲያኛው ጠረጴዛ የሚስቁብን ወዳጆች አሉ። “እኛስ ምን አልናችሁ? ጸሎት ምንም አይሠራም፤ ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው” የሚሉ፣ ማኪያቶ ይዘው ሁለት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያነበቡ ወንድሞቻችን። ከእነሱ ጋርም አይደለንም። ድንኳኑ ውስጥ እግዚአብሔርን በእውነት ያናገረው ማን ነበር? ሰባኪው? ሰባኪው ስለ እግዚአብሔር ነው የተናገረው። እናቲቱ ናቸው ለእግዚአብሔር የተናገሩት። ጸሎት የሚባለው ያ ነው። የጸለየችውን ሴት ዝም ያሰኘናት “እንጸልይ” እያልን ነው፤ ጉዱ እዚህ ላይ ነው።

ኢዮብን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ “እንደ ኢዮብ ትዕግሥት ይስጥህ” እንባባላለን። ይህን የምንለው መጽሐፉን ሁለት ምዕራፍ ካነበብን በኋላ ዘግተነው ነው። ከምዕራፍ 3 ጀምሮ ኢዮብ ትዕግሥተኛ አይደለም። የተወለደበትን ቀን ይረግማል፤ ይከራከራል፤ እግዚአብሔርን ችሎት ፊት ሊያቆም ይፈልጋል። ሦስቱ ወዳጆቹ በመጀመሪያ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፤ አንድ ቃል ሳይናገሩ። እውነተኛ ልቅሶ ደራሾች ነበሩ! እድራችን እንኳ ሦስት ቀን ነው የሚቀመጠው። ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በየተራ እየተነሡ እግዚአብሔር ትክክል መሆኑን፣ ኢዮብ የሆነ ነገር ሳያጠፋ እንዳልቀረ አስረዱ። ከስብከታቸው አብዛኛው ዛሬ በየመድረኩ ቢነበብ “አሜን” ያሰኛል። በምዕራፍ 42 ላይ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው ኢዮብን አልነበረም፤ ጠበቆቹን ነው። እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነው። የጮኸው ቅን ተባለ፤ “ለእግዚአብሔር የተከራከሩት” ኢዮብ እንዲጸልይላቸው ተላኩ።

አያቶቻችን ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቁ ነበር ብለን እናስባለን። በየቀኑ ተከፍሎ የሚደገመው ዳዊት ውስጥ ስንቱ መዝሙር ነው ክስ! እስከ መቼ፣ ለምን ፊትህን ሰወርክ፣ ለምን ተኛህ እያለ የሚጮህ። ጌታም በመስቀል ላይ ሆኖ የጮኸው ከዚያው ከዳዊት ወስዶ ነው፤ ለምን እንደተተወ ጠየቀ። አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ፣ ሟቹን በስሙ ጠርታ፣ ቁመናውን ዘርዝራ፣ የቀረበትን ሠርግ ቆጥራ ስታስለቅስ የምትሠራው ሥራ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ሞት ትክክል እንዳልሆነ በአደባባይ መመስከር ነው። ከዚያ እኛ መጣን፤ የተማርነው። ሙሾው ኋላ ቀር ነው አልን። በቦታው ማይክራፎን አስገባን።

ስለ ሊቢያው ነገር መጻፍ ይከብዳል። ቢሆንም መዝለል አንችልም። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ዳግማይ ትንሣኤ ነበር፤ የፋሲካው ቄጠማ ገና አልተጠረገም። ራሱን “እስላማዊ መንግሥት” ብሎ የሚጠራው ቡድን 30 የሚደርሱ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን፣ ከፊሎቹን በባሕር ዳርቻ አርዶ፣ ከፊሎቹን በበረሃ በጥይት ገድሎ፣ ቪዲዮውን ለቀቀ። መንግሥት በመጀመሪያ “ዜግነታቸውን እያጣራሁ ነው” አለ። ቂርቆስ ሰፈር ግን ልጆቿን ከቪዲዮው ላይ ለየች። አብረው ያደጉ፣ አብረው የተሰደዱ ሁለት የአንድ ሰፈር ልጆች። በሁለተኛው ቀን ድንኳኑ ለመንገዱ ሞላ። የሙስሊም ጎረቤቶች አብረው አለቀሱ፤ ይህንን የምንጽፈው ለጌጥ አይደለም፣ ያን ሳምንት ሰፈሩን ያቆመው አንዱ ይህ ነው። ሚያዝያ 14 መስቀል አደባባይ ላይ ሐዘንተኛው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ። እንባ ያልጎደለው ሕዝብ ላይ።

ሰማዕታት ናቸው እንላለን፤ እናምናለንም። በዚያ ዳርቻ ተንበርክከው ምን እንደጸለዩ ማንም ሊነግረን አይችልም፤ እምነታቸውን ግን አይተናል። “ጸሎት ማደንዘዣ ነው” ለሚለው ወዳጃችን ያለን መልስ ይኸው ነው፤ ያ የደነዘዘ ሰው ፊት አልነበረም። ክርክራችን ከዚያ በኋላ ካደረግነው ጋር ነው። አክሊሉን ቶሎ አንሥተን ጥያቄውን ከደንበት። ልጆቹ ሰሃራን ያቋረጡት ሰማዕት ለመሆን አልነበረም፤ ሥራ ፍለጋ ነው። እናት ቤት ጣሪያ ለመቀየር፣ እኅት ለማስተማር። አሸጋጋሪ ደላላ ብራቸውን በልቷል፤ አገራቸው ደግሞ ወጣትነታቸውን። የሰማዕትነት አክሊል ለእነሱ ነው እንጂ ላሰደዳቸው አይደለም። ገዳዮቹ ክፉ መሆናቸው እኛን ደግ አያደርገንም። ከዚያ ወዲህም ልጆቻችን በዚያው በረሃ በኩል መጓዝ አላቆሙም። እኛም ለመንገደኞች መጸለይ አላቆምንም፤ መንገዱን ስለሚያስጀምረው ነገር ግን መጸለይ ገና አልጀመርንም።

“ታዲያ ምሕላ አይታወጅ ነው የምትሉት?” የሚለን አይጠፋም። ይታወጅ እንጂ! በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ለአንድ ወር በቴሌቪዥን የተላለፈውን ብሔራዊ ጸሎት እኛም ከየቤታችን ተከታትለናል፤ ከቤተሰብ ጋር ተንበርክከናል፤ ከመሃላችን አንዱ ከአሥር ዓመት በኋላ ከአባቱ ጋር የጸለየው ያኔ ነው። አናቃልለውም። ግን ምሕላ ስናውጅ ሥርዓቱን እንዳለ እንፈጽመው።

ነነዌን ተመልከቱ። በየዓመቱ ሦስት ቀን እንጾማለን፤ ከአጫጭር ጾሞቻችን አንዷና፣ ወጣቱ ሳይቀር የሚወዳት። ዮናስ ምዕራፍ 3 ላይ ቅደም ተከተሉን እዩት። ወሬው ወደ ንጉሡ ሲደርስ መጀመሪያ ያደረገው ምንድን ነው? ከዙፋኑ ተነሣ። ልብሱን አወለቀ፤ አመድ ላይ ተቀመጠ። አዋጁ ከዚያ በኋላ ነው የወጣው። አዋጁም “ጹሙ፣ ማቅ ልበሱ” ብቻ አላለም፤ እያንዳንዱ በእጁ ካለው ግፍ ይመለስ ይላል። በእጁ ካለው! በአሳቡ ካለው፣ በልቡ ካለው አላለም። እጅ የተያዘ ነገር ይኖረዋል፤ ፊርማ፣ ጅራፍ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ያልተገዛ ቀበቶ። በእኛ አገር ምሕላ ሲታወጅ ማቁ ለሕዝቡ ይታደላል፤ ወንበሩ ባለበት ይቆያል። የነነዌን ጾም ከብቶቹ ጭምር ጾመዋታል፤ እኛ ዘንድ ከብቶቹም ይጾማሉ፣ ያው በድርቅ ምክንያት። የማይጾመው ከላይ ያለው ነው።

ይህን የምንለው ለባለሥልጣን ብቻ አይደለም። እኛም ድንኳኑ ውስጥ ነበርን። ኮንትራክተሩ አሜን ሲል አንዳችንም “ቀበቶስ?” አላልንም። ልቅሶ ቤት አይጠየቅም አልን፤ ነውር ነው አልን። ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ንፍሮ ቆረጠምን። ስለዚህ “እግዚአብሔር ለምን ዝም አለ?” የሚለውን የሊቃውንት ጥያቄ ከማንሣታችን በፊት እኛ ለምን ዝም እንዳልን ብንመልስ ይሻላል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ውስጥ የሆነውን ብዙዎቻችን በስልካችን አይተናል። ሐምሌ 15 ቀን፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ኮረብታው ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ሮጦ መጣ። ማሽን አልነበረም፤ በአካፋና በእጅ ነበር የሚቆፍሩት። እየቆፈሩ ሳለ ኮረብታው ሁለተኛ ተናደ፤ ሊያወጡ የመጡትንም ቀበረ። የሟቾቹ ቁጥር ከ200 በላይ ሆነ። ያን ጭቃ በእጁ ሲምግ የነበረው ሰው ስለ “ለበጎ” ጊዜ አልነበረውም። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እጁም ይንቀሳቀስ ነበር። አንዱ ጸሎት፣ አንዱ ሥራ ብሎ መለየት ለእኛ ለተመልካቾች ነው የሚቀለን።

ከዚህ በኋላ ልቅሶ ቤት ስንሄድ የምናደርገውን በመካከላችን ተነጋግረናል። ሰባኪ ሐዘንተኛን ሊያስቆም ሲነሣ “አባቴ፣ ትንሽ ያልቅሱ፤ ይተዉአቸው” ማለት። እሱ ይከብዳል፤ ያም ሆኖ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማንም ባያዘን የመወጣጫውን ፎቶ ማንሣት፣ የወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ድረስ መሄድ፣ ተራ መያዝ፣ “ነገ ተመለሱ” ሲሉን ነገ መመለስ። ይህ መንፈሳዊ አይመስልም። ሰልፍ ላይ ቆሞ ዳዊት መድገም ግን ይቻላል፤ ሞክረነዋል፣ ሰልፉ ከበቂ በላይ ይረዝማል።

አርባው ላይ ሄድን። ሰው ቀንሷል፤ ሰባኪውም ኮንትራክተሩም አልነበሩም። እናቲቱ ቀሚሳቸው ጥቁር እንደሆነ ቡና ቀዱልን። ስለ ልጃቸው ብዙ አወሩን፤ ሲስቅ ዓይኑ እንደሚጨፈን፣ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ጃንጥላ እንደገዛላቸው። ከዚያ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ “ያ ሕንጻስ? እንዴት ሆነ?” ብለው ጠየቁን።

ስንመጣ በበሩ ነበር ያለፍነው። ሰባተኛ ፎቅ ደርሷል። መወጣጫው ባሕር ዛፍ ነው።